የወንድሜን የጥሪ ዝርዝር ለመርማሪ የሰጠው ማን ነው? የስልክ ኩባንያስ እምቢ ማለት ይችላል?

መምህሩ ከመሐል ሜዳ፦

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፈው ከመንዝ፣ ከመሐል ሜዳ ነው። ባለፈው ጥር ወር በሰፈራችን አንድ የእህል መጋዘን በሌሊት ተሰብሮ ተዘረፈ፤ ታናሽ ወንድሜም ከሁለት ጎረቤቶቻችን ጋር ለምርመራ ተጠራ። መጠራቱ አላስከፋኝም። ንብረቱ የጠፋበት ሰው ሌባውን የማግኘት መብት አለው፣ ወንድሜም የሚያውቀውን መናገር ነበረበት። ያስደነገጠኝ መርማሪው ጠረጴዛው ላይ ያስቀመጠው ወረቀት ነው። ወንድሜ በሠላሳ ቀናት ውስጥ ለማን እንደደወለ፣ ማን እንደደወለለት፣ በስንት ሰዓት ተገናኝተው ለስንት ደቂቃ እንደተነጋገሩ በተራ ሰፍሮበታል።

በዝርዝሩ ውስጥ ማታ ማታ እየተደጋገመ የሚታይ አንድ ቁጥር ነበረ። መርማሪው ጎረቤቶቻችን ባሉበት ድምፁን ከፍ አድርጎ "ይህ የማን ቁጥር ነው?" ሲል ጠየቀው። ቁጥሩ ወንድሜ ሊያገባት ያሰባት ልጅ ነበረ። ሽማግሌ ገና አልተላከም፤ ወላጆቿም ነገሩን አያውቁም ነበር። በአገራችን ደንብ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ወንድሜ በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ከነገሩ ነጻ መሆኑ ታውቆ ተለቀቀ፤ ወሬው ግን ከእሱ ቀድሞ ሰፈር ደረሰ። የልጅቷ አባት እስከ ዛሬ ሰላምታችንን አይመልሱም።

ወደ ስልክ ኩባንያው ቅርንጫፍ ሄጄ ስጠይቅ፣ በመስኮቱ ያገኘኋት ሠራተኛ ይህ በቅርንጫፍ ደረጃ የሚታይ ጉዳይ እንዳልሆነ በትሕትና ነገረችኝ። መርማሪው ዘንድ ስሄድ ደግሞ "የምርመራ ምስጢር ነው" ተባልሁ። የምጠይቃችሁ ይህን ነው፦ ኩባንያው የደንበኛውን የጥሪ ዝርዝር የሚሰጠው በፍርድ ቤት ትእዛዝ ነው ወይስ በደብዳቤ ብቻ? ትእዛዝ ካልቀረበለት እምቢ ማለት ይችላል? ደንበኛውስ አስቀድሞ ባይሆን እንኳ በኋላ ሊነገረው አይገባም?

የደብረ ብርሃኑ ጠበቃ፦

መምህር፣ በወንድምዎ ላይ የደረሰው አሳዝኖኛል። ጥያቄዎ ሦስት ቢመስልም ሥሩ አንድ ነው፤ ያ ወረቀት ከኩባንያው ወጥቶ ከመርማሪው ጠረጴዛ እስኪደርስ ድረስ በመካከል ዳኛ ነበረ ወይስ አልነበረም?

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ይጠብቃል። በፖስታ የሚላኩ ደብዳቤዎች ብቻ ሳይሆኑ በቴሌፎን፣ በቴሌኮሙኒኬሽንና በኤሌክትሮኒክስ መሣሪያዎች የሚደረጉ ግንኙነቶችም እንደማይደፈሩ በግልጽ ይናገራል። በሦስተኛው ንዑስ አንቀጽ ደግሞ የመንግሥት ባለሥልጣናት ይህን መብት የማክበርና የማስከበር ግዴታ እንዳለባቸው ደንግጎ፣ መብቱ ሊገደብ የሚችለው አስገዳጅ ሁኔታ ሲፈጠርና ብሔራዊ ደኅንነትን፣ የሕዝብን ሰላም፣ ወንጀል መከላከልን፣ ጤናን፣ የሕዝብን ሞራል ወይም የሌሎችን መብት ለመጠበቅ በወጣ ዝርዝር ሕግ ብቻ መሆኑን ያስቀምጣል። ስለዚህ መብቱ ገደብ የለሽ አይደለም፤ ሆኖም ገደቡን የሚፈጥረው ሕግ ነው እንጂ የመሥሪያ ቤት ማኅተም አይደለም።

ዝርዝር ሕጎቹን እንያቸው። የጸረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652/2001 በአንቀጽ 14 ለደኅንነት መሥሪያ ቤቱ በፍርድ ቤት ፈቃድ ስልክ የመጥለፍ ሥልጣን ሰጥቶ፣ የመገናኛ አገልግሎት ሰጪዎች ሲጠየቁ እንዲተባበሩ ያስገድድ ነበር። ያ አዋጅ በአዋጅ ቁጥር 1176/2012 ተተክቷል። ለእርስዎ ጉዳይ ይበልጥ የሚቀርበው የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ነው። አንቀጽ 24 አገልግሎት ሰጪው ማን ከማን ጋር፣ መቼና ለምን ያህል ጊዜ እንደተገናኘ የሚያሳየውን መረጃ ቢያንስ ለአንድ ዓመት እንዲያስቀምጥ ያዛል፤ በዚያው አንቀጽ ግን መረጃው ፍርድ ቤት እንዲገለጽ ካላዘዘ በቀር በምስጢር እንዲያዝ ይደነግጋል። አንቀጽ 25 ግንኙነትን በሚካሄድበት ቅጽበት ስለመጥለፍ ሲሆን፣ መነሻው አሁንም የፍርድ ቤት ትእዛዝ ነው። አስቸኳይ ሁኔታ ሲያጋጥም የዐቃቤ ሕጉ ተቋም የበላይ ኃላፊ ያለ ትእዛዝ ሊፈቅድ ይችላል፤ ሆኖም ምክንያቱን በ48 ሰዓት ውስጥ ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ማቅረብ አለበት።

እዚህ ላይ አንድ ክፍተት አለ። መጋዘን ሰብሮ እህል መውሰድ የኮምፒዩተር ወንጀል አይደለም፤ የሚመራው በ1954 ዓ.ም. በወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ነው። ያ ሕግ ቤትን ስለመበርበርና ስለ መበርበሪያ ትእዛዝ ይናገራል። ሲጻፍ ግን የአንድ ሰው በር ሳይንኳኳ የወር ኑሮው በሦስት ገጽ ወረቀት ሊገለጥ ይችላል ብሎ ያሰበ አልነበረም። በዚህ ክፍተት ውስጥ ደብዳቤ ትእዛዝን ሊተካ ይሞክራል። በእኔ አተረጓጎም አይተካም፤ ምክንያቱም በአንቀጽ 24 የተቀመጠው የምስጢር ግዴታ ከመረጃው ጋር እንጂ ከወንጀሉ ዓይነት ጋር የተያያዘ አይደለም፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሕገ መንግሥቱ አለ። በዚህ የማይስማማ የሙያ ባልደረባ ሊኖር ይችላል፤ እኔ ግን በችሎት የምቆምለት አቋም ይህ ነው። ስለዚህ ለሁለተኛው ጥያቄዎ መልሴ "አዎን፣ ኩባንያው የፍርድ ቤቱ ትእዛዝ የታለ ብሎ መጠየቅ ይችላል፣ መጠየቅም አለበት" የሚል ነው።

ሦስተኛው ጥያቄዎ ግን እጅግ ይከብዳል። የጠቀስኋቸው አንቀጾች ምርመራው ሲያበቃ ለደንበኛው ንገሩት አይሉም። በደቡብ አፍሪካም እንዲሁ ነበር። ስልኩ የተጠለፈበት አንድ ጋዜጠኛና የሚሠራበት የምርመራ ጋዜጠኝነት ተቋም ክስ መሥርተው፣ የአገሪቱ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በየካቲት 2021 በሰጠው ውሳኔ ሕጉ ክትትል የተደረገበት ሰው በኋላ እንዲነገረው ባለማድረጉ ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጋጫል አለ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ሰው መደፈሩን ካላወቀ አቤት ሊል አይችልም። ወንድምዎ ያወቁት መርማሪው ወረቀቱን ስላሳያቸው ብቻ ነው።

የቀድሞ የማዞሪያ ሠራተኛ፦

መምህር፣ እኔ ዕድሜዬን በስልክ ማዞሪያና በማማ ሥራ ያሳለፍሁ ጡረተኛ ነኝ፤ ትውልዴ አንኮበር ነው። ጠበቃው ሕጉን በሚገባ አስረድተዋል፤ እኔ ስለ ወረቀቱ ልናገር።

የጥሪ ዝርዝር ንግግር አይደለም። ኩባንያው የሚመዘግበው ሒሳብ ለመቁረጥ ነው፤ ደዋዩን፣ ተቀባዩን፣ ሰዓቱን፣ የቆይታውን ርዝመት፣ የቀፎውን መለያ ቁጥርና ጥሪው ያለፈበትን ማማ ይይዛል። ብዙ ሰው "ንግግሬ ካልተሰማ ምን ይጎዳኛል" ይላል። የወንድምዎ ታሪክ መልሱ ነው፤ አንድ ቃል ሳይሰማ የልቡ ነገር አደባባይ ወጣ። ለሐኪም የደወለ፣ ለንስሐ አባቱ የደወለ፣ ለአበዳሪው የደወለ ሰው ሁሉ በዚያ ወረቀት ላይ ይታያል።

ስለ ማማው ደግሞ መርማሪዎችም ሊያውቁት የሚገባ ነገር አለ። በተለመደው የሁለተኛው ትውልድ ኔትወርክ አንድ ማማ እስከ 35 ኪሎ ሜትር ድረስ ስልክ ሊይዝ ይችላል። በከተማ ማማዎቹ ስለሚቀራረቡ ክልላቸው ጠባብ ነው፤ በእኛ አገር ግን መልክዓ ምድሩ ነገሩን ያወሳስበዋል። በጣርማ በር ወይም በአንኮበር አፋፍ ላይ የቆመ ሰው ስልኩ አጠገቡ ያለውን ማማ ትቶ ከታች ቆላ ያለውን ሊይዝ ይችላል፤ በመካከሉ የሚጋርድ ነገር የለምና። ወረቀቱ ሰውዬውን ቆላ ያደርገዋል፣ እሱ ግን ደጋ ላይ ጋቢውን ለብሶ ቆሟል። ይህን የማያውቅ ሰው ከወረቀቱ ላይ ተነሥቶ "በዚያ ሌሊት እዚያ ነበርህ" ቢል ንጹሕ ሰው ይጎዳል።

ሌላው የጥያቄው ስፋት ነው። አንድን ተጠርጣሪ ለይቶ ዝርዝሩን መጠየቅ አንድ ነገር ነው፤ "በዚያ ሌሊት ከዚህ ማማ ሥር የነበሩትን ቁጥሮች በሙሉ አውጡልን" ማለት ሌላ ነው። አባቶቻችን አውጫጭኝ የሚሉት ደንብ ነበራቸው። ንብረት ሲጠፋ የአካባቢው ሰው በሙሉ በሜዳ ይሰበሰባል፣ እየማለ የሚያውቀውን ይናገራል፣ ጥፋተኛው እስኪታወቅም ሥራውን ፈትቶ ይመላለሳል። ሸክሙ ከባድ ነበር፤ አያቴ በአጨዳ ወቅት ስለ ባከኑባቸው ቀናት እየተቆጩ ይነግሩን ነበር። ነገር ግን እያንዳንዱ ሰው መጠየቁን ያውቅ ነበር፤ ጠያቂውም ፊት ለፊት የሚታይ ሰው ነበር። የማማው ዝርዝር ያው አውጫጭኝ ነው፤ ልዩነቱ ሜዳው ላይ የቆመው ሕዝብ መሰብሰቡን አለማወቁ ነው።

መረጃው ከኩባንያው ስለሚወጣበት በርም አንድ ነገር ልጨምር። ዘመናዊ ማዞሪያዎች በሕግ ለታዘዘ ጠለፋ የሚሆን ክፍል ተሠርቶላቸው ይመጣሉ። በግሪክ አገር እ.ኤ.አ. በ2004 እና 2005 ማንነታቸው ያልታወቀ ሰዎች በቮዳፎን ግሪክ ማዞሪያዎች ውስጥ ይህንኑ ክፍል በስውር አንቀሳቅሰው የጠቅላይ ሚኒስትሩን ጨምሮ ከመቶ በላይ ስልኮችን ሲያዳምጡ ቆይተዋል፤ ኩባንያው በኋላ 76 ሚሊዮን ዩሮ ተቀጥቷል። በአሜሪካም እ.ኤ.አ. በ2024 ከቻይና ጋር የተያያዙ ሰርጎ ገቦች በትልልቅ የስልክ ኩባንያዎች ውስጥ ለሕጋዊ ጠለፋ የተዘጋጁ ሥርዓቶችን መድረሳቸው ተገልጿል። ለመንግሥት ተብሎ የተበጀ በር ማን እንደገባበት በየቀኑ ካልተመዘገበና ካልተመረመረ ለሌባም በር ነው።

ተማሪ፣ ደብረ ብርሃን፦

የታላላቆቼን ማብራሪያ በጥሞና አንብቤአለሁ። ኩባንያው እምቢ ማለት ይችላል የተባለው በተግባር እንዴት እንደሚታይ ጥቂት ልጨምር። በአሜሪካ ከእ.ኤ.አ. 2001 በኋላ የስለላ መሥሪያ ቤቱ የደንበኞችን የጥሪ መዝገብ ሲጠይቅ፣ ኩዌስት የተባለው ኩባንያ ሕጋዊ ትእዛዝ ባለመቅረቡ እንዳልተባበረ የቀድሞ ሥራ አስኪያጁ ጠበቃ እ.ኤ.አ. በ2006 ገልጸዋል። በዚያው ዓመት ማርክ ክላይን የተባሉ የኤቲ ኤንድ ቲ ጡረተኛ ቴክኒሻን በሳን ፍራንሲስኮ ሕንፃ ውስጥ የደንበኞች የኢንተርኔት ግንኙነት ወደ ስለላ መሥሪያ ቤቱ ክፍል ይቀዳ እንደነበረ አጋለጡ። ደንበኞች ከሰሱ፤ የአገሪቱ ምክር ቤት ግን እ.ኤ.አ. በ2008 ለተባበሩት ኩባንያዎች ወደኋላ የሚሠራ የክስ መከላከያ ሰጣቸው። ይህን ሳነብ እጅግ አዝኛለሁ፤ ትእዛዝ ይቅረብልኝ ያለውና ያላለው በመጨረሻ በሕግ ፊት አንድ ሆኑ።

በአገራችንም ኢትዮ ቴሌኮም ብቸኛው አገልግሎት ሰጪ በነበረበት ዘመን፣ ሂዩማን ራይትስ ዎች እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2014 ባወጣው ሪፖርት በምርመራ ላይ የጥሪ ዝርዝራቸውና የተቀዳ ንግግራቸው ቀርቦብናል ያሉ ሰዎችን ቃል አስፍሯል። ከ2015 ዓ.ም. መግቢያ ጀምሮ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ሁለተኛ ሆኖ ገብቷል። የኩባንያ ቁጥር መጨመር ብቻውን የሚጠብቀን አይመስለኝም፤ በሳፋሪኮም ድርሻ ያለው ቮዳፎን ራሱ እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው ሪፖርት ከሚሠራባቸው አገሮች በጥቂቶቹ ባለሥልጣናት ኩባንያውን ሳይጠይቁ በቀጥታ መስመር እንደሚገቡ አምኗል። በእንዲህ ያለ አገር እምቢ የሚል ሠራተኛ እንኳ ቢኖር የሚጠይቀው የለም።

ወለተ ሸዋ ሮቢት፦

ወንድሞቼ፣ የምትሉት ሁሉ እውነት ነው፤ እኔ ግን በሌላ በኩል የተቃጠልሁ ሰው ነኝ። ወንድሜ የጭነት መኪና ሾፌር ነው። ከሁለት ዓመት በፊት በክረምት፣ ቅዳሜ ማታ ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ ወደ እኛ ሲመጣ ጠፋብን። ስልኩ ይጠራል፣ አይነሣም። አባቴ ወደ ስልክ ኩባንያ ቢሮ ሮጠው የት እንዳለ ንገሩን ሲሉ የፍርድ ቤት ወይም የፖሊስ ወረቀት አምጡ ተባሉ። ወረቀቱ የተገኘው ሰኞ ረፋድ ነው። ስልኩ እሑድ ማታ መጥራቱን አቁሞ ነበር። ወንድሜን ሰኞ ከሰዓት በኋላ ከጣርማ በር ቁልቁለት ሥር እግሩ ተሰብሮ እረኞች አገኙት፤ እግዚአብሔር ይመስገን በሕይወት አለ፣ እግሩ ግን እንደ ቀድሞው አልሆነም።

ስለዚህ ጋሼ፣ በሩ ይቆለፍ ስትሉ እኔ እሑድን አስባለሁ። የመምህሩ ወንድም የደረሰበት ግፍ ነው፤ የኔ ወንድም የተኛበት ገደልም አለ። ሕጉ ለሁለቱም ካልሆነ ለማን ነው?

የደብረ ብርሃኑ ጠበቃ፦

እኅቴ፣ በሚገባ ተናግረዋል፤ ለወንድምዎ ሙሉ ጤና እመኛለሁ። በሁለቱ ጉዳዮች መካከል ያለው ልዩነት በጥያቄው ዓላማ ላይ ነው። የእርስዎ ወንድም ሊገኝ እንጂ ሊጠረጠር አልተፈለገም፤ የተፈለገውም ስልኩ በዚያች ሰዓት የያዘው ማማ ብቻ እንጂ የወር ጥሪው አልነበረም። ለእንዲህ ያለ ጊዜ ሕጉ መንገድ ሊያበጅ ይገባዋል፤ አስቀድሜ የጠቀስሁት የ48 ሰዓት ደንብ ለኮምፒዩተር ወንጀል ቢጻፍም ጥሩ ምሳሌ ነው፤ ለአስቸኳዩ ነገር በሩ ይከፈታል፣ የከፈተውም በሁለት ቀን ውስጥ ዳኛ ፊት ቀርቦ ለምን እንደከፈተ ያስረዳል። የእርስዎን ወንድም ያዘገየው የትእዛዝ መጠየቅ ብቻ አይመስለኝም፤ ቅዳሜና እሑድ ትእዛዝ የሚሰጥ ተረኛ ዳኛ ማን ዘንድ እንደሚገኝ አለመታወቁም ነው። ጥሩ ሥርዓት ቢኖር ኖሮ ወንድምዎ እሑድ ጠዋት ይገኙ ነበር፣ የመምህሩ ወንድም ዝርዝርም በጎረቤት ፊት ባልተነበበ።

የቀድሞ የማዞሪያ ሠራተኛ፦

ልጄ፣ በሩ ይቆለፍ አላልሁም፤ የገባው ሰው ይመዝገብ ነው ያልሁት። ደግሞ ስለ ጣርማ በር የነገርኋችሁን አስታውሺ። ማማው ቢነገራችሁ እንኳ ከዋሻው በላይና በታች ያለውን ሁሉ መፈለግ ነበረባችሁ። ቢሆንም ከአንድ ሙሉ ቀን መጠበቅ ይሻል ነበር፤ በዚህ ከአንቺ ጋር ነኝ።

መምህሩ ከመሐል ሜዳ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የጋሼን የአውጫጭኝ ነገር ለወንድሜ ሳነብለት "እኔንስ ሜዳ ላይ ጠርተው በጠየቁኝ ኖሮ" አለኝ። የእኅታችንን ታሪክ ስሰማ ቁጣዬ መልኩን ቀየረ። ምርመራ አይደረግ የሚል ሐሳብ አልነበረኝም፣ አሁንም የለኝም፤ የምፈልገው ያን ወረቀት ያዘዘው ዳኛ ካለ የትእዛዙን ቁጥርና ቀን ማወቅ ነው። ዳኛ አዝዞ ከሆነ ዝም እላለሁ፤ የቀረኝ ቅሬታ በሰው ፊት መነበቡ ብቻ ይሆናል። ጠበቃው፣ ማመልከቻ ለማን እንደማቀርብ ቢመሩኝ።

የደብረ ብርሃኑ ጠበቃ፦

ሁለት ማመልከቻ ያዘጋጁ። አንደኛውን ለስልክ ኩባንያው ዋና መሥሪያ ቤት ያቅርቡ። በውስጡም የወንድምዎን የጥሪ መረጃ በጥር ወር የጠየቀው ማን እንደሆነ፣ በምን ሕግና በየትኛው የፍርድ ቤት ትእዛዝ እንደተሰጠው፣ ምን ያህል ቀን የሚሸፍን መረጃ እንደወጣ በጽሑፍ እንዲገለጽላቸው ይጠይቁ። ሁለተኛውን ለመርማሪው የበላይ ኃላፊ ይስጡ፤ እዚያ ላይ ዝርዝሩ ሌሎች ሰዎች ባሉበት የተነበበበትን ሁኔታ ቀኑንና ሰዓቱን ጠቅሰው ያስፍሩ። ሁለቱንም ሲያስገቡ መዝገብ ቤት ማኅተም ያሳርፍበት፣ ቀሪውንም ይያዙ። ኩባንያው ካልመለሰ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሚያስፈጽመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው፤ አቤቱታው ወደዚያ ይሄዳል። አዋጁ ለወንጀል ምርመራና ለደኅንነት የተተዉ ልዩ ሁኔታዎች ስላሉት ሙሉ መልስ ላያገኙ ይችላሉ፤ "አንሰጥም" የሚለው መልስም ቢሆን በጽሑፍ ከሆነ ለቀጣዩ እርምጃ ይጠቅማል። ማመልከቻው በወንድምዎ ስም ይሁን፤ መረጃው የእርሳቸው ስለሆነ ለእርስዎ መልስ የመስጠት ግዴታ የለባቸውም።

የቀድሞ የማዞሪያ ሠራተኛ፦

አንድ ነገር አትርሱ። መረጃው እንዲቀመጥ ሕግ የሚያስገድደው ቢያንስ ለአንድ ዓመት ነው፤ ከዚያ በኋላ ሊጠፋ ይችላል። የጥሪ ዝርዝሩ ብቻ ሳይሆን ማን፣ በስንት ሰዓት፣ በየትኛው የሠራተኛ መግቢያ ከሥርዓቱ እንዳወጣው የሚያሳየው መዝገብም እንዲጠበቅ በማመልከቻው ላይ በግልጽ ይጻፍ። ወረቀቱን ማን እንደሰጠ የሚናገረው ያ መዝገብ ነው።

መምህሩ ከመሐል ሜዳ፦

እንደተባለው ጽፌዋለሁ፤ የመግቢያውን መዝገብ ነገርም ጨምሬአለሁ። ሰኞ ጠዋት ወንድሜና እኔ አብረን ደብረ ብርሃን እንወርዳለን፤ የሚፈርመው እሱ ነው።